እኔ አናፍሳል

ረጀብ መጀመሪያ የሰማው መልሱን ነው፤ ጥያቄውን ያወቀው በኋላ ነው። በባላምባራስ ቢያድግልኝ አዳራሽ ደጃፍ ላይ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል፣ የሟች ወንድሙ ሚስት ብኸይታ በምትችለው አማርኛ «አዎ ጌታ፣ እኔ አናፍሳል» ስትል ሰማት። ውጭ ነፋስ ነበረ፤ ክረምቱን ሙሉ ረጥቦ የከረመውን የአሶሳን ሣር የሚያደርቀው የጥቅምት ነፋስ። ረጀብ አንዱን ጫማ በእጁ እንዳንጠለጠለ ቆመ። የሰማው ድምፅ ከወንዝ ማዶ የመጣ መሰለው።

«ሰማችሁ?» አሉ ባላምባራስ ከውስጥ። «በገዛ አፏ!»

ገባ። አዳራሹ የቀርከሃ ነው። ሦስቱ ግድግዳዎች በጭቃ ተለስነዋል፤ ከግምጃ ቤቱ ጋር የሚያዋስነው አራተኛው ግን፣ እንደ ግምጃ ቤቱ ራሱ፣ ልስኑ ሳያልቅ ክረምት ስለገባ ራቁቱን ቀርቷል። በስንጥቆቹ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ቀጭን ቀጭን መስመር ሆኖ ተኝቷል፤ ብኸይታ በመስመሮቹ መካከል ቆማ፣ ከራሷ እስከ እግሯ በብርሃንና በጥላ የተሸመነች ትመስል ነበር። ባላምባራስ ቆዳ በተነጠፈበት አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው የሚስታቸው ወንድም አለነ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል፤ የመንገድ ጭቃ ከቁርጭምጭሚቱ ገና አልታጠበም።

«ና፤ ዛሬስ አንተን መጠበቅ እንኳ አላስፈለገኝም» አሉት ባላምባራስ። ረጀብ አስተርጓሚያቸው ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጦሩ ወደ ቤኒሻንጉል ከገባ ጀምሮ በእሳቸውና በበርታው ሕዝብ መካከል የሚመላለሰው ቃል ሁሉ የሚያልፈው በእሱ አፍ ነው። «ያን ነገር የምናውቀው አራት ሰዎች ነን። እኔ፣ አለነ፣ አንተ፣ ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ደግሞ ልብስ ስታጥፍ የምትውለው ይህች ሴት። ወሬውን ያናፈስሽው አንቺ ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። መልሷን ሰምተሃል።»

ያ ነገር ይህ ነበር። ባላምባራስ ወደ ጎጃም የሚልኩት ብዙ ጭነት አለ፤ የጭነት በቅሎዎቹ ግን በክረምቱ በሽታ አልቀዋል። ስለዚህ ከሆሞሻ ወዲህ ያለችው አንዲት መንደር ጎህ ሲቀድ ተከባ አርባ ወጣቶች ለሸክም እንዲያዙ ተመከረ። ለሸክም ጎጃም ሄዶ የተመለሰ ሰው እንደሌለ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ትናንት አለነ ሠላሳ ሰው አስከትሎ ሲደርስ ያገኘው ትኩስ አመድና አንዲት ዶሮ ብቻ ነበር።

«ዛሬ የገበያ ቀን ነው» አሉ ባላምባራስ። «ሰው ሲሞላ አርባ ጅራፍ ትቀምሳለች። ከዚያ ጭነቱ ሲሄድ አብራ ትሄዳለች። ንገራት።»

ረጀብ ነገራት። ባላምባራስ የሚናገሩትን ክፉ ቃል ሁሉ ሲያስተረጉም ጠርዙን መላግ ልማዱ ነው፤ ይህ ግን የሚላግ ጠርዝ አልነበረውም። ብኸይታ ስትሰማ ፊቷ አልተለወጠም። የምታየው በእጁ የያዘውን ጫማ ነበር።

ወስደው ግምጃ ቤት ዘጉባት፤ እሱም ወደ ግቢው ወጣ። ጠዋት ያሰጣችው ልብስ ገና አልተሰበሰበም። የባላምባራስ ጥቁር በርኖስ፣ የወይዘሮ ይታይሽ ጥልፍ ቀሚሶች፣ ከሱዳን ነጋዴዎች የተገዛው ዳሙር የሚባለው ወፍራም ጥጥ ጨርቅ፣ በጣቃ በጣቃ የተዘረጋው አቡጀዲ፣ ሁሉም በገመዱ ላይ ናቸው። ነፋስ በገባባቸው ቁጥር ሆዳቸው ይነፋል፣ እጅጌያቸው ይሞላል፤ ሰው ሳይኖርባቸው ሰው ሆነው ሊሄዱ ይነሡና፣ ሐሳባቸውን እንደቀየሩ ሁሉ መልሰው ይወድቃሉ። በመካከላቸው አለፈ። አንዱ እጅጌ ትከሻውን ነካ አድርጎ ተወው።

ቃሉን ብኸይታ የተማረችው እዚሁ ገመድ ሥር ነው። ታላቅ ወንድሙ ጀዕፈር በንዳድ ከሞተ በኋላ ወይዘሮ ይታይሽ ልብስ የምትይዝላቸው ሴት ሲፈልጉ፣ ወደዚህ ቤት ያመጣት ረጀብ ራሱ ነበር። ግምጃ ቤቱ ያኔ ሻግቶ ይሸት ነበር። ወይዘሮዋ የወንበራ ሴት ናቸው፤ ቋንቋቸውን የማይሰማ ሰው ሲገጥማቸው ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። አንዱን ቀሚስ በሁለት እጃቸው ወደ ነፋሱ ዘርግተው «አናፍሽው! አናፍሽው እንጅ አንች!» ይሏታል። ብኸይታ ማታ ስትመለስ ቃሉን እንደ ዜማ በአፏ ይዛው መጣች። ምን ማለት ነው ብላ ጠየቀችው። «ልብስን ለነፋስ መስጠት ነው፤ እርጥበቱን ይዞት እንዲሄድ» አላት። ሌላውን አልነገራትም። ወሬም እንደሚናፈስ፣ ምን ያደርግላታል ብሎ ተወው። በእነሱ ቋንቋ ሁለቱ የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው፤ አማርኛ ግን ጨርቁንም ወሬውንም በአንድ ቃል ለነፋስ ይሰጣል። ጨርቁ ማታ ይሰበሰባል፤ ወሬውን የሚሰበስበው የለም። ስለዚህ ስለ ወሬ ሲጠይቋት ስለ ቀሚስ መለሰች፤ ለረጀብ እንዲህ ነው የገባው።

ተመልሶ ገብቶ «ጌታዬ፣ ቃሉ አሳስቷታል» ቢል ይበቃ ነበር። ግን ከአራቱ አንዷ ስትወጣ ሦስት ይቀራሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ባላምባራስና የሚስታቸው ወንድም ናቸው።

ወሬውን ያወጣው ረጀብ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ኻሚስ የሚባል የዚያች መንደር ሽማግሌ ማር ሊሸጥለት ደጁ ድረስ መጣ። ለአንድ ቅል ማር ሁለት ክንድ ዳሙር ጠየቀው። ረጀብ ሳይከራከር ለክቶ ቀደደለት። ሽማግሌው ያለ ክርክር የሚገዛ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ደንግጦ ቀና ሲል፣ ረጀብ ጨርቁን አጥፎ እያቀበለው «ሐሙስ ማታ ማንም ቤቱ አይደር» አለው። ኻሚስ ጨርቁን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ፣ ሽመናውን እንደሚመረምር ሰው ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አመሰገነና ሄደ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ረጀብ አልፈራም ነበር፤ እንዲያውም ቀለል አለው። አሁን ግን ያ ቅለት የሌላ ሰው ሸክም ሆኖ አገኘው።

እግሩ ወደ ገበያው ወሰደው። ፀሐዩ ከፍ ብሏል፤ ከሜዳው የሚነሣው እንፋሎት ሰውን ከጉልበቱ በታች ያሟሟዋል፤ ሁሉም በውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ሰሊጥ፣ ዝንጅብል፣ የደረቀ ባሚያ፣ በአሞራ ላባ ቀሰም ውስጥ የታጨቀ የወርቅ ዱቄት፣ ጨው። ሰላም ይሉታል፤ ይመልሳል፤ ምን እንደመለሰ አያውቅም። አንድ ወታደር ክንዱን ይዞ ጎተተው፤ ሙርሳል ከተባለ ጥጥ ሻጭ ጋር አልተግባባም። «ይህን ሌባ፣ አንድ አሞሌ ከበቂ በላይ ነው በለው» አለ ወታደሩ። ረጀብ ለሙርሳል በበርትኛ «ወንድሜ፣ አቅሜ አንድ አሞሌ ነው ይልሃል» አለው። ሙርሳል ተቆጥቶ «እናቱን ይሽጥና ይግዛበት» አለ። ረጀብ ወደ ወታደሩ ዞሮ «ስለ እናትህ ብለህ ትንሽ ጨምርልኝ ይላል» አለ። ወታደሩ ለስለስ አለ፤ በአንድ ተኩል አሞሌ ተስማሙ፤ ሁለቱም ተደስተው ተለያዩ። የረጀብ ኑሮ ይህ ነበር። በሁለት ሰዎች መካከል ቆሞ፣ አንዱ የወረወረውን ድንጋይ በእጁ ላይ ዳቦ አድርጎ ለሌላው ማቀበል። ለሦስት ዓመት ይህን ሲያደርግ በስንት ሰው ላይ የሚወድቅ ጅራፍ አየር ላይ እንደቀረ ቆጥሮ አያውቅም።

ዝንጅብል የምትሸጠው ኸድራ ጋ ሲደርስ፣ ሴትዮዋ ከመደቧ ቀና ሳትል «ሁሉም ወንዙን ተሻግረዋል» አለችው። «አንዲት አራስ እንኳ አልቀረችም።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ዋጋ ጠራች። ረጀብ አንድ እፍኝ ዝንጅብል ገዝቶ ሄደ። ደስታው ደረቱ ድረስ መጣና፣ እዚያ ሲደርስ ማረፊያ አጣ።

ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ዘበኛ አላስቸገረውም፤ የፍርዱን ነገር ሊያስረዳት የመጣ መስሎት በሩን ከፈተለት። ውስጡ ጨለም ያለ ነው። የጨርቅ ክምር እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ፀሐይ ፀሐይ የሚል ሽታ አለው። ብኸይታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አቡጀዲ ታጥፋለች። የታሰረች ሴት አትመስልም፤ የቀረ ሥራ ያላት ሴት ትመስላለች።

በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ የእሷና የልጇ ጎጆ እዚህ፣ የእሱ ጎጆ እዚያ። ጀዕፈር ሲሞት ዘመድ ሁሉ ረጀብ የወንድሙን ሚስት ያገባል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሱ የሟቹ አልጋ ሳይቀዘቅዝ መጠየቅ አፍሮ ዝም አለ፤ እሷም ዝም ስትል አልፈለገችኝም አለ። እንዲህ እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት አለፈ። ጠዋት ገንፎ ሸፍና ደጁ ታስቀምጥለታለች፤ ማታ እንጨት ተሸክሞ ደጇ ይጥልላታል። ሰው ሁሉ በእሱ አፍ ይነጋገራል፤ እሱ ግን ለእሷ የሚሆን ቃል አልነበረውም።

«የኑራ እናት» አላት በበርትኛ። ኑራ የስድስት ዓመት ልጇ ናት።

«ቆመህ አታውራኝ፤ ተቀመጥ» አለችው።

ተቀመጠ። ቃሉ ሁለት መንገድ እንዳለው ነገራት። በአንደኛው ልብስ እንደሚሄድበት፣ በሌላኛው ወሬ እንደሚሄድበት፤ እሷ አንዱን ስትመልስ እነሱ ሌላውን እንደሰሙ፤ ጥፋቱ ያኔ ሙሉውን ያልነገራት የእሱ እንደሆነ። ብዙ ተናገረ። እሷ ጨርቁን እያጠፈች፣ ጫፉን ከጫፉ እያገጠመች አዳመጠችው።

«ጨረስክ?» አለችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ማድ ቤት የምሰማው ምን መሰለህ? ወሬ አታናፍሺ፣ አፍሽን ያዢ፣ ሥራሽን ሥሪ። ለእንጨት ለቃሚዋም ይሉታል፣ ለፈጪዋም ይሉታል። ልብሱን የማናፍሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ወሬውን የሚያናፍሰው ቤቱ በሙሉ ነው።»

ረጀብ ቀና ብሎ አያት።

«ጥያቄው ገብቶኛል» አለች።

«ታዲያ ለምን?»

«ማክሰኞ ከጎጆዬ ጀርባ ማሽላ እየወቀጥሁ ነበር። ሙቀጫውን ትቼ ነው የሰማሁህ።» የታጠፈውን ጨርቅ ክምሩ ላይ አኖረችና በመዳፏ ደለደለችው። «አንተን ቢወስዱ ማን ይናገርልናል? እነሱ የሚሉትን እንዳለ ብንሰማው፣ እኛ የምንለውን እንዳለ ቢሰሙት ኖሮ፣ እስካሁን ማናችን እንተርፍ ነበር? ልብስ የሚያሰጣ ሰው አይጠፋም።»

«ኑራስ?»

እዚህ ላይ እጇ ቆመ። በቀርከሃው ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ጉልበቷ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ውጭ በገመዱ ላይ ያሉት ልብሶች እየተነሡና እየወደቁ ነበር። «ኑራን አንተ ታሳድጋታለህ» አለች በመጨረሻ። «ካንተ ጋር ትስቃለች። ከእኔ ጋር ብዙ አትስቅም።» ከዚያ ወደ በሩ አመለከተችውና በአማርኛ፣ ልክ ወይዘሮ ይታይሽ ለሠራተኞቻቸው በሚናገሩበት ቃና፣ አንዲት ፊደል ሳትሳሳት «እንዳትተነፍስ!» አለችው።

ሲወጣ ዘበኛው የሆነ ነገር ጠየቀው፤ አልሰማውም። ከልብሶቹ መካከል ቆመ። ለረጅም ጊዜ እንደቆመ በኋላ ሰዎች ነግረውታል፤ እሱ ግን የሚያስታውሰው የነጩን አቡጀዲ ብርሃንና፣ በሁለት ቋንቋ የሚያውቃቸው ቃላት ሁሉ አንድ በአንድ ከራሱ ውስጥ ወጥተው በነፋሱ ሲሄዱ ነው። መጨረሻ ላይ የቀረው የኑራ እናት ጉልበት ላይ የተንቀጠቀጠው ብርሃን ብቻ ነበር። ወደ አዳራሹ ገባ።

ባላምባራስ ምሳቸውን ጨርሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። «ጌታዬ» አላቸው፣ «ያችን ሴት ቃሉ አሳስቷታል። ማናፈስ ሲባል የምታውቀው የልብሱን ብቻ ነው። ልብስ ታናፍሻለሽ ወይ ያሏት መስሏት ነው አዎ ያለችው።»

አለነ ሳቀ። ባላምባራስ አልሳቁም። እጃቸውን አድርቀው ሚስታቸውን አስጠሩ። ወይዘሮ ይታይሽ ከጓዳ ወጡ፤ ነገሩ ተነገራቸው። በቀርከሃው ግድግዳ በኩል፣ ብኸይታ ወዳለችበት አንድ ጊዜ አዩ። ከዚያ ረጀብን አዩት። ባለፈው ሳምንት ብቻ እኚህ ሴት ወሬ አናፍሳችሁ ብለው ብኸይታን ጨምሮ ማድ ቤቱን በሙሉ ሲሰድቡ ረጀብ በጆሮው ሰምቷል፤ ትዝ ያለው ግን አሁን ነው።

«ምኑን ታውቀዋለች ጌታው!» አሉ ወይዘሮዋ። «አናፍሽው ብየ ያስተማርኋት እኔ ነኝ። ከቀሚስና ከገመድ በቀር ምን ቃል አላት? እኔው ነኝ ያጠፋሁ።»

ረጀብ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። ባላምባራስ ጺማቸውን አሻሹ። «ታዲያ ማን ነው?» አሉ፤ የሚጠይቁት ራሳቸውን ነበር። ቀስ ብለው አንገታቸውን ሲያዞሩ፣ የአለነም ዓይን አብሮ ዞረ።

«እኔ ነኝ» አለ ረጀብ።

ለሦስት ዓመት በዚህ አዳራሽ ውስጥ «እኔ» ሲል ኖሯል። ባላምባራስን ሲያስተረጉም «እኔ አዝዣለሁ» ብሏል፤ ገበሬውን ሲያስተረጉም «እኔ ምስኪን ነኝ» ብሏል። ከዚህች ቀን በፊት ግን በዚያ ቃል ውስጥ ራሱ ኖሮበት አያውቅም። ስለዚህም ሳይሆን አይቀርም፣ ሁሉም ለማን እንደሚያስተረጉም ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው።

«ምን አጎደልሁብህ?» አሉ ባላምባራስ።

«ምንም ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

«ልጆቹን አውቃቸው ነበር።»

ባላምባራስ ወደ ደጁ ተመለከቱ። ሲናገሩ ቁጣ አልነበራቸውም፤ የደከማቸው ይመስሉ ነበር። «ጎጃም እንዳልልክህ ጭነቱ ራሱ ተሸካሚ አጥቶ ተቀምጧል። አርባውን ጅራፍ አንተ ትወስዳለህ። ከዚያ በኋላ በዚህ ደጅ እንዳላይህ። ሴትዮዋን ልቀቋት።»

ገበያው ዋርካ ሥር ሲሞላ ባላምባራስ በበቅሎ መጡ። ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆመ። ባላምባራስ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው የታያቸው፤ ፍርዱን ለሕዝቡ በበርትኛ የሚነግር ከራሱ ከተፈረደበት ሰው በቀር ሌላ የለም። ጥቂት አመነቱ። ረጀብ የታሰረ እጁን ይዞ በበቅሏቸው ጎን፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ ቆመ።

«ይህ ሰው የጌታውን ምሥጢር አውጥቷል» አሉ። ረጀብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ደገመው። «ከሆሞሻ ወዲህ ያለችው መንደር ሰዎች በእሱ ምክንያት አምልጠዋል» አሉ። ደገመው። ይህን ሲል ከሕዝቡ መካከል ትንፋሽ ተሰማ፤ እስከዚያች ደቂቃ ማን እንዳዳናቸው የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። «ሌላውም እንዲህ ቢያደርግ ቅጣቱ ይኸው ነው፤ ቆማችሁ እዩ» አሉ። ረጀብ ይህንንም ደገመው። አንዲትም ቃል አልጨመረም፣ አንዲትም አልላገም። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን በትክክል አስተርጉሞ አያውቅም።

ከዋርካው ግንድ ጋር ሲያስሩት፣ መጀመሪያ ጥጥ ሻጩ ሙርሳል ጀርባውን ሰጠ። ቀጥሎ ኸድራ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው፤ ማንም ምንም ሳይናገር፣ ጨዋ ሰውን ራቁቱን ላለማየት ፊቱን እንደሚያዞር ሰው፣ ክቡ በሙሉ ቀስ ብሎ ዞረ። ጅራፉ ሲነሣ ገበያው ጀርባ ብቻ ነበር። ባላምባራስ «ዙሩ! ዙሩ በላቸው!» ብለው ጮኹ። የሚነግርላቸው ሰው ግን ፊቱ ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ትእዛዙ በአማርኛ ወጥቶ በአማርኛ ቀረ። ሰዉ ጨውና ሰሊጡን እየሰበሰበ መሄድ ጀመረ። አርባው ሳይሞላ ሜዳው ባዶ ሆነ። ያልዞረች፣ ያልሄደች አንዲት ሴት ነበረች፤ ብኸይታ እስከ መጨረሻው ፊት ለፊቱ ቆማ አየችው። ሲፈቱት የያዘችውም እሷ ነበረች።

አመሻሹ ላይ ጎጆው ውስጥ በሆዱ ተኝቷል። ጀዕፈር ከሞተ ወዲህ ብኸይታ ወደ ረጀብ ጎጆ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። በሰሊጥ ዘይት ጀርባውን ስትቀባው ኑራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዝንጅብሉን ታኝካለች፣ ሲያቃጥላት ትተፋለች፣ መልሳ ታኝካለች። ፀሐይ ከቀርከሃው ጫካ ጀርባ ቀይ ሆና ሳትጠልቅ የወይዘሮ ይታይሽ ሠራተኛ ትንሽ ቅል ቅቤ ይዛ መጣች። መልእክትም ነበራት። ነገ ከሆሞሻ በኩል ሴቶች ለአቤቱታ ይመጣሉ፤ ቋንቋ የሚሰማ ሰው ግቢው ውስጥ ጠፍቷል። «ብኸይታ ትቅረብ ብለዋል እመቤቴ። የልብሱን ካወቀች ሌላውን ትለምዳለች ብየ ለጌታው ነግሬያለሁ በያት ብለውኛል።»

ሠራተኛዋ ስትሄድ ረጀብን ሳቅ ጀመረው፤ ጀርባው አልፈቀደለትም፤ እያቃሰተ ሳቀ።

«አስተምረኝ» አለችው ብኸይታ። «ከምኑ ልጀምር? ሸክሙ በዛብን እንዴት ይባላል? ልጆቻችንን ተዉልን እንዴት ይባላል?»

«እሱ ይደርሳል» አላት። «መጀመሪያ የምትማሪው ሌላ ነው። ባላምባራስ ቶሎ ቶሎ ይናገራሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ ይብሳል። አንቺ ለሕዝቡ ምን ብትይ እንደሚሻል የምታስቢበት ጊዜ ያስፈልግሻል። ስለዚህ እጅ ነሥተሽ፣ ጌታዬ፣ በደንብ አልሰማሁም፤ ይድገሙልኝ፣ ትያለሽ። እሳቸው እስኪደግሙ አንቺ ቃልሽን ታገኛለሽ። ሦስት ዓመት የኖርኩት በዚህ ነው።»

ደጋግማ አለችው። «ይድገሙልኝ» የሚለው ላይ ምላሷ ተሰናከለ፤ ኑራ ከደጃፉ ቀድማ በትክክል ስትለው ሁለቱም ዞረው አይዋት። ረጀብ ባላምባራስን ሆኖ ድምፁን አወፍሮ አንድ ረጅም ትእዛዝ ተናገረ፤ እሷ አንገቷን ሰበር አድርጋ መለሰችለት። ሌላ ትእዛዝ ሰጠ፤ መለሰችለት። ዘይቱ ጀርባው ላይ እየቀዘቀዘ፣ ጎጆው ውስጥ ያለው ብርሃን ከቀይ ወደ ግራጫ እየሄደ ነበር። ሦስተኛውን ሲናገር ድምፁን ማወፈር ተወ። የኑራ እናት ብሎም አልጠራትም።

«ብኸይታ» አላት በአማርኛ። «ታገቢኛለሽ?»

ዘይት የያዘው እጇ ትከሻው ላይ ቆመ። ፊቷን ሊያይ አልቻለም፤ በሆዱ ነው የተኛው።

«ጌታዬ፣ በደንብ አልሰማሁም» አለች ከዚያ፣ አንዲት ፊደል ሳትሳሳት፤ «ይድገሙልኝ።»

ረጀብ ደገመላት።